ሳሎኔ ውስጥ የፈለቀው ፍል ውሃ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቤታችሁ ቧንቧ በየት በየት እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ? በግድግዳ ላይ እያያችሁት የሚሄድላችሁ ሰዎች ፈጣሪያችሁን አመስግኑና ወደ ሌላ ንባብ እለፉ። ወለሉ ውስጥ ኮንክሪት ተሞልቶበት፣ ሴራሚክ ተነጥፎበት የተቀበረባችሁ ግን ጠጋ በሉ፤ የማወራው ለእናንተ ነው። «ኧረ እኔ አላውቅም» የምትሉትን ምን ልበላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ስንት ዓመት ተኝቼ አድሬያለሁ፤ እንቅልፌም ጥሩ ነበር።

ቤቴን የሠራልኝ የባለቤቴ የአልማዝ ወንድም ደረጀ ነው። ደረጀ አዲስ አበባ ፎርማን ነው፤ ስለዚህ አምቦ ላይ የቆመ ቤት ሁሉ አይጥመውም። ወለሉ ኮንክሪት ሊሞላ ሲል የጎረቤቶቼን ቤት አይቼ፣ «ቧንቧውን ለምን በግድግዳው ዙሪያ አታስኬደውም?» አልኩት። የሣር ክዳን ይሁንልኝ ያልኩት ይመስል ቆሞ አየኝ። «ቧንቧው የሚታይ ቤትኮ ሱሪው ዝቅ ያለ ሰው ማለት ነው፣ ጋሼ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሱሪው ዝቅ ያለ መባል ስለማልወድ አፌን ዘጋሁ። ቀዝቃዛውም፣ ሙቁም፣ የፍሳሹም ቧንቧ፣ የመብራቱም ገመድ ተያይዘው ወለል ውስጥ ገቡና ኮንክሪት ተሞላባቸው። አንድም ሰው ፎቶ አላነሳም። ክትፎ ሲቀርብለት ሳይቀምስ ፎቶ የሚያነሳ ሕዝብ፣ ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን ቤት አንጀት ሲቀብር ስልኩን ከኪሱ አያወጣም። ይኼ ነገር አሁንም ያበግነኛል።

ለማንኛውም ቤቱ ቆመ፤ ዓመታትም አለፉ። ከዚያ እማማ ጌጤ መጡ። እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ጉደር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጓሮ ወድቀው ጉልበታቸው ሲጎዳ አልማዝ ሚኒባስ በኮንትራት ይዛ አመጣቻቸው። ሐኪሙ አጥንታቸው ደህና ነው፤ ነገር ግን መንቀሳቀስ አለባቸው፣ አለዚያ እግራቸው ይተሳሰርና መነሳት ያቅታቸዋል አለን። እሳቸው ደግሞ መንቀሳቀስ የሚባል ነገር አልፈለጉም። እኔ ወደ ቢሮ፣ አልማዝ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስንሄድ ሳሎን ወንበር ላይ ትተናቸው እንወጣለን፤ ስንመለስ እዚያው ወንበር ላይ እናገኛቸዋለን። መፀዳጃ ቤት እንኳ የሚሄዱት ግድግዳ ተደግፈው፣ እየተነጫነጩ ነው። ማታ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው።

«ጉደር መቼ ነው የምትመልሱኝ?»

ይህን ሲሉ አልማዝ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ተመልሰው ብቻቸውን ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል? እዚህ ቢቆዩስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያልቁ አይደል? የቤታችን ጭንቀት ይኸው ነበር፤ ወለሉ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን እማማ ጫማቸውን አውልቀው፣ «እግሬ ሥር ሞቅ ይለኛል» አሉ። እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ብዙም ሳይቆይ በሴራሚኮቹ መጋጠሚያ በኩል ውሃ ብቅ አለ። እጄን ሳስነካው ለብ ያለ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ቦይለሩ ያለው መታጠቢያ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱ ደግሞ በቤቱ ሌላኛው ጫፍ ነው። የሙቅ ውሃው ቧንቧ ከዚያ ወደዚህ ሲመጣ በሳሎኑ ሥር ያልፋል፤ እዚያ ላይ ተበስቷል። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ችግሩ የምኖረው አምቦ መሆኑ ነው። ሌላ ከተማ ወለል ውሃ ሲያፈልቅ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፤ እዚህ ጎረቤት ይጠራል። ከመሬት በሚፈልቅ ውሃ ስሟ በወጣ ከተማ ውስጥ፣ ለብ ያለ ውሃ ሳሎን መሃል ብቅ ሲል «ቧንቧ ፈነዳ» የሚል ሰው እንደ ምቀኛ ነው የሚታየው። እማማ በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱትና፣ «ሆራ ነው» ብለው ፈረዱ። ከብቱም የሚጠጣውን፣ ሰውም የሚታጠብበትን ማዕድን ያለበት ውሃ ማለታቸው ነው።

«እማማ፣ የቦይለር ውሃ ነው» አልኳቸው።

«ቦይለሩስ ከየት አመጣው?»

«ከታንከሩ ነዋ።»

«ታንከሩስ?»

«ከመንግሥት ቧንቧ።»

«የመንግሥት ቧንቧስ ከመሬት አይደለም የሚያወጣው?» አሉና እግራቸውን ዘረጉ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

መጀመሪያ የመጣችው እትዬ አስካለ ናት። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ገበያ ቅቤ ትነግዳለች። በዚያ ሁሉ ዓመት ጉርብትና የዕድር ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር የእኛን በር አንኳኩታ አታውቅም። ውሃው በፈለቀ ማግስት ግን ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ሳሎን መሃል ቆማ፣ «ይኼማ ጠበል ነው፣ ቄስ ይጠራ» አለች። እሷን ተከትላ ሲስተር ጫልቱ ደረሰች። ሲስተር ጫልቱ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የወንጌል አማኝ ስለሆነች ጠበል የሚለውን ነገር አልተቀበለችውም። «ጠበል አይደለም፤ ሚኒራል ነው። ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ቆሜ፣ «የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው» እላለሁ። ለመልስ እንኳ አልበቃሁም። ሁለቱ በጠበልና በሚኒራል ሲከራከሩ እማማ ገላገሏቸው።

«ጠበል ቴሌቪዥን ፊት ለፊት አይፈልቅም። ፍል ውሃ ነው። አውልቁና እግራችሁን አስገቡ» አሉ።

አወለቁና አስገቡ። ሁለት ሴራሚኮች ተነቃቅለው ወለሉ ትንሽ ሰርጉዶ ስለነበር፣ የሁለት ሴቶች እግር በደንብ ይይዛል። ለዚህ ደረጀን ማመስገን አለብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ምኑ ይወራል። በማግስቱ ለምሳ ስመጣ ደጃፌ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ልቅሶ ያለ መስሎኝ ክው አልኩ። ገባ ብዬ ሳይ የማላውቃቸው ሴቶች ሶፋዬ ላይ ተቀምጠዋል፤ እማማ መሃላቸው ሆነው ያጫውቷቸዋል። «አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። መለሱልኝ፤ ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ወደ ወንበሬ ልሄድ ስል አንዷ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ተራ አለው፤ ጫማህንም አውልቅ» አለችኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ፣ በገዛ ቦይለሬ። ምሳዬን ወጥ ቤት ቆሜ በላሁ።

ደሜ እንደፈላ ለደረጀ ደወልኩ።

«ደረጀ፣ የሙቅ ውሃው ቧንቧ በየት ነው የሚያልፈው?»

«በወለሉ ውስጥ ነው፣ ጋሼ።»

«ወለሉማ ሰፊ ነው። በየት በኩል?»

«ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።»

«ከየት ተነስቶ ወዴት ነው ቀጥ የሚለው?»

«ሴራሚኩ ግን አምሮ የለ?» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበትና የቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ወጣሁ። ኦቦ ደበላን አገኘሁ። ኦቦ ደበላ እንደገባ ሁላችንም ዝም እንድንል አዘዘ፤ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ፤ እንግዶቹም እግራቸውን ውሃ ውስጥ እንደነከሩ ጸጥ አሉ። ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጥፎ ከሳሎን እስከ ኮሪደር ተሳበ። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ ቆመና፣ «እዚህ ጋ ይጮኻል» አለ።

«ውሃው የሚወጣው ሳሎን፣ እዚያ ጋ ነውኮ፣ ኦቦ ደበላ» አልኩት።

«ውሃ የሚወጣበትና የሚፈስበት አንድ አይደለም። ደግሞ እዚያ ጋ እማማ ተቀምጠዋል፤ እንዴት አስነሳቸዋለሁ?» አለኝ።

በመዶሻና በመሮ ኮንክሪቱን መቆርቆር ጀመረ። እንግዲህ ደረጀ አንድ ነገር ላይ አይታማም፤ ኮንክሪት ሲሞላ ሲሚንቶ አይሰስትም። ከብዙ ድካም በኋላ የተገኘው የመብራት ገመድ ነው። «ይኼ አይደለም» አለ ኦቦ ደበላ። ተመስገን፣ ይህንንማ ለየው። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ሄዶ ሌላ ቆፈረ። እዚያ ደግሞ መሮው አንድ ነገር ውስጥ ጥልቅ ብሎ ገባ፤ ፊቱ በራ። «አገኘሁት» ብሎ ሲነቅለው ሽታው ቀድሞ ነገረን። የፍሳሹን ቧንቧ ነው የበሳው። የምንፈልገው አንድ ቀዳዳ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ፤ ሁለተኛው ደግሞ ለእግር የሚሆን አልነበረም። እንግዶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ እንጂ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ኦቦ ደበላ የበሳውን በላስቲክ ጠቀለለና ዕቃ ገዝቼ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ከመሄዱ በፊት እማማ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አሸ፤ ለካ እሱም ያመዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግድግዳዬ ተሰነጠቀ። አፈራችን ጥቁር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ የላዩን ያነሳል። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከበሩ ጉበን ጀምሮ እስከ ኮርኒሱ ተተረተረና በሩ አልዘጋ አለ። ጣቴን ሰድጄ ለአልማዝ አሳየኋት።

«ይኸው፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው። ወለሉ መሰበር አለበት» አልኳት።

አልማዝ ግድግዳውን አላየችም፤ በመስኮቱ ወደ ግቢ ነበር የምታየው። «ና እስቲ እይ» አለችኝ። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ሁለት እንግዶችን እስከ ግቢው በር እየሸኙ ነው። ግድግዳ አልተደገፉም፤ አልተነጫነጩም። በሩ ላይ ቆመው ሌላ ወሬ ጀመሩ።

«ጉደር መልሱኝ ማለትም ትተዋል። ልብ ብለሃል?» አለችኝ።

«የቦይለር ውሃ ነውኮ፣ አልማዝ።»

«የፈለገውን ይሁን። ግድግዳውን በኋላ ታስጠግነዋለህ። እናቴን ማን ያስጠግንልኛል?»

ሄጄ አልዘጋ ያለውን በር ገፋሁት። ቤት ማለት እኮ ለእኔ ወጣትነቴ ነው፤ ሌላው ሲዝናና ብሎኬት የገዛሁበት ነው። እሱ ዓይኔ እያየ ሲሰነጠቅ ሰው ሁሉ ካልሲውን አውልቆ ይስቃል።

ትዕግሥቴን የጨረሰው የቀበሌው ሰውዬ ነው። አንድ ከሰዓት መጥቶ ፍል ውሃውን ዞር ዞር ብሎ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «ከመሬት በታች ያለ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ታውቃለህ አይደል?» አለኝ። እኔም ከመሬት በታች ያለው የኔ ቧንቧ እንደሆነ፣ ዕቃውን የገዛሁበት ደረሰኝም እንዳለኝ ነገርኩት። «እሱን የሚመለከተው አካል ያጣራል» ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። «ለምንድን ነው የምትጠቀልለው?» ስለው «ለጥናት» አለኝ። ጥናቱ ረጅም ነበር፤ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ አስተውል ጀመር። መብራት ሲጠፋ፣ እኛ ሠፈር ደግሞ መጥፋቱን ያውቅበታል፣ ፍል ውሃው ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ተመልሶ ይሞቃል። ይህን ለእትዬ አስካለ ስነግራት አልደነቃትም፤ «ምን ታደርገዋለህ፣ እሱም ማረፍ አለበት» አለችኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በተሰበሰቡበት መሃል ቆምኩ። «እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ተመልከቱኝ» ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና የቦይለሩን ማብሪያ አጠፋሁት። የሞቀው ውሃ እስኪያልቅ አብረን ቁጭ አልን። ስለ ልጆች ተወራ፤ ስለ ጤፍ ተወራ። ቀስ በቀስ እግር ከውሃው መውጣት ጀመረ። አንዷ ካልሲዋን ፈለገች። ሲስተር ጫልቱ ጣቷን ነክራ አየችና ጫማዋን አሰረች። እትዬ አስካለ ቀዝቃዛውን ውሃ ትክ ብላ አይታ፣ ወደኔ ዞራ፣ «አስቀየምከው» አለችኝ።

አሸንፌያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። እማማ ግን እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደራረቁና ወንበሩ ላይ ጠለቅ ብለው ተቀመጡ።

ኦቦ ደበላ ተመልሶ መጥቶ በወለሉ ውስጥ ያለውን ቧንቧ በሁለቱም ጫፍ ደፈነው፤ አዲስ ቧንቧ በውጭ በኩል በግድግዳው ላይ አዞረልን። የበሳውን የፍሳሽ ቧንቧ ለወጠ፤ ጉድጓዶቹን ሞላ፤ የሰረጎደውን ቦታ በሲሚንቶ ለሰነው። አፈሩ ሲደርቅ ግድግዳው መሰንጠቁን አቆመ፤ የመኝታ ቤታችንም በር እየተንጫረረም ቢሆን መዘጋት ጀመረ። ቤቴ ተረፈልኝ። ከደጃፌ ላይ ጫማ ጠፋ፤ ወንበሬ ላይ ማንም የለም። ምሳዬን ተቀምጬ በላሁ።

እማማ ግን አልበሉም። የመጀመሪያውን ቀን ምግብ አልስማማ ብሏቸው ነው አልኩ። በማግስቱም ለምሳ ስመጣ ጠዋት በተውኳቸው ቦታ ነበሩ፤ ምርኩዛቸው ወለል ላይ ወድቋል፣ ጎንበስ ብለው አላነሱትም።

«እማማ፣ ዛሬ አልተነሱም?»

«ለማን ብዬ ልነሳ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ማታ፣ አልማዝ ራት ስታቀርብ፣ እንደ ድሮው ጠየቁ። «ጉደር መቼ ነው የምትመልሱኝ?»

አልማዝ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እኔ ሰሃኔን እያየሁ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየኝ። ሐኪሙ ይንቀሳቀሱ አለ፤ እኛ በሩን ዘግተን ሄድን። ውሃው ሲፈልቅ ደግሞ በር ተንኳኳ ብለው ይነሳሉ፣ ለእንግዳ ወንበር ይስባሉ፣ ቆሎ ያቀርባሉ፣ እስከ ግቢው በር ይሸኛሉ፣ እዚያም ቆመው ወሬ ይጨርሳሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ እሳቸውም አልቆጠሩት። የፈወሳቸው ከወለሉ የወጣው አልነበረም፤ በበሩ የገባው ነበር። በሩን ደግሞ እኔው ነኝ ማብሪያ ተጭኜ የዘጋሁት።

ይህን ሳስብ ንዴቴ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን በጎረቤቶቼ ላይ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ለውሃ ሲሆን ጀሪካን ይዘው ይጋፋሉ፤ ለእማማ ሲሆን አጥር ለአጥር ሆነን እንኳ ብቅ አይሉም። ሶፋዬን አርጥበው፣ ተራ ያዝ ብለውኝ፣ አሁን የት ገቡ? በማግስቱ ከቢሮ አስፈቅጄ ወጥቼ የእትዬ አስካለን በር ደበደብኩት።

«እማማን ልትጠይቂ አትመጪም እንዴ?» አልኳት፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«እንዴ፣ ውሃው ደርቆ የለ? አንተው አይደለህ ያደረቅኸው?» አለችኝ።

ልነግራት ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሰውነት፣ ስለ ሽማግሌ ክብር። በመንገድ ላይ ሁሉንም ደርድሬው ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ማን ነው ደረቀ ያለው? ዛሬ ጠዋት ሞቅ ብሎ ነበር» አልኳት።

እትዬ አስካለ ቆማ ፊቴን አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ፤ ቅቤ ስትገዛ እንደዚያ ነው የምታየው። «እንግዲህ ሞቅ ካለማ ልምጣ» አለችና ነጠላዋን ልታመጣ ገባች።

ወደ ቤቴ የሮጥኩትን ሩጫ የቢሮ ሰው ቢያይ አያምንም ነበር። ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ጣድኩ፤ ገና መጮህ ሲጀምር አንጠልጥዬው ሳሎን ገባሁ። ኦቦ ደበላ የለሰነው ሲሚንቶ መሃሉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው። ተንበርክኬ፣ ክራቫቴን በአንድ እጄ ወደ ትከሻዬ መልሼ፣ በሌላው እጄ ቀስ አድርጌ ማፍሰስ ጀመርኩ። ቀና ስል እማማ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። ምን እያደረግህ ነው እንዲሉኝ ጠበቅሁ። ውሃውን አዩት፤ ማንቆርቆሪያውን አዩት።

«ሌላም አፍላ» አሉኝ። «አስካለ ብቻዋን አትመጣም።»

ምርኩዛቸውን ጎንበስ ብለው ከወለሉ አነሱና የግቢውን በር ሊከፍቱ ወጡ።